እሳት ያልነካው

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በማንም አላሳብብም፤
ስድስት ሰዓት ላይ፣ ጥላ ከእግር ሥር ሲገባ፣ ካሜራ አይከፈትም።
አውቃለሁ። ግን ነገ የሚባል ቀን አልነበረንም።

ከዶሮ ማነቂያ ጀርባ፣ የሰው ዕቃ ወጥቶ ደጅ ላይ፣
ሰፈሩ አንገቱን አስግጎ የጭነት መኪና ሲያይ፣
ጋሽ ምንውየለት ከሱቃቸው በር ቆሙና
«ከነሰሌዳዬ አንሳኝ» አሉኝ፣ ኮሌታቸውን አቀኑና።
አሥራ አንድ ጊዜ ተጫንኩ። ቆርቆሮው ፀሐይዋን እየቀለበ
መልሶ ዐይኔ ላይ ይደፋታል፤
ጣቴ እንጂ ዐይኔ መች አነበበ።

አሁን ሌሊት ነው። ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
ላፕቶፑ ጭኔ ላይ እንደታመመ ልጅ ያተኩሳል፤
ታች፣ የመጨረሻው ሚኒባስ ረዳት
«አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» ይላል፣ ለማንም።

ፋይሉን ከፈትኩ። ጥሬውን።
እንደ ሥጋ ቤት ብልት፣ እሳት ያልነካው፣
እንዳሻኝ የማበስለው ብዬ የተማመንኩበት፤
ለካ ፀሐይ ቀድማ ጠብሳዋለች፣ እስከ አጥንት።

ፕሮግራሙ የተቃጠለውን በቀይ ያሳያል፤
ሰሌዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ ብልጭ ድርግም ይላል።
«ማስታወቂያ ይጻፋል» የሚል ነበር እዚያ፣ በእጃቸው የጣሉት፣
የ«ጻ»ን ቀኝ እግር ከልኩ በላይ ያስረዘሙት።
ብርሃኑን ወደ ታች ጎተትኩ፤ መቶ ድረስ።
ነጩ አመድ ሆነ እንጂ ፊደል አላወጣም።
አጠቃላዩን ቀነስኩ፤ ሰማዩ ሐምሌ መሰለ፣
የጋሽ ምንውየለት ኮት ከግድግዳው ጋር ተቀላቀለ፣
ሰሌዳው ግን ያው፣
እድፍ እንደያዘ አንሶላ፣ ባዶ ነው።

ተስፋ ቆርጬ ነው እንግዲህ ጥላውን ወደ ላይ የገፋሁት።
ከበሩ ውስጥ፣ ጥቁር ብቻ ነው ካልኩት፣
መጀመሪያ የወንበር እግር።
ቀጥሎ ክዳኑ የተጣበቀ የቀለም ቆርቆሮ።
ከዚያ ልጅ። ጉልበቷን አቅፋ፣ እኔን ታያለች።
እዚያ ቆሜ አላየኋትም፤
እሳቸውም አልነገሩኝም።

ጨለማ ያስቀምጣል ለካ፤ አሸዋ ቢያስመስለውም፣
ቢሻክር፣ ቢደበዝዝም፣
ስትጠይቀው ይመልሳል።
ብርሃን ግን ሲበዛ አይሸፍን፣ አይደብቅ፤
ይበላል።

«ከሌላ ፎቶ ቆርጠህ ለጥፍበት፤ ማን ያውቃል?»
አለኝ አቤኔዘር፣ በስልክ፣ እያዛጋ።
ሞከርኩ። ፊደሉን ከኮምፒውተር መረጥኩ፤ ቀጥ ያለ፣ ጨዋ፤
የ«ጻ» እግሮች እኩል።
አጠፋሁት። ሊነጋጋ ነበር።

በሦስተኛው ቀን መጡ። ያተምኩትን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው
«ትርሲት!» አሉ መጀመሪያ፤ «ይቺ ከእናቷ ጋር ሄዳለች ብዬ!
የእህቴ ልጅ ናት፤ ቀለም በጥባጬ።»
ስቀው ስቀው ዐይናቸውን ጠረጉ።
ኋላ ዝም አሉ። «ሰሌዳውስ?»

«ፀሐይ በላችው» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

«እሷማ ድሮም ትበላዋለች!
በየሁለት ዓመቱ የማድሰው ለምን ይመስልሃል?»

ከደረት ኪሳቸው ብሩሽ አወጡ፣ ቅንድብ የመሰለች፤
ከሌላው ኪስ ቀይ ቀለም፣ የሳል መድኃኒት ጠርሙስ ውስጥ።
መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ፣ ትንፋሻቸውን ያዙ፤
እኔም ያዝኩ።
አውራ ጣት የማታክል ነጭ ላይ፣ ሁለት ቃል።
የ«ጻ» እግር ከሰሌዳው አልፎ ቆርቆሮው ግድግዳ ላይ ረገጠ፤
እጃቸው ተንቀጥቅጦ ይሁን አስበውበት፣
አልጠየቅሁም።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነበር።
ቀለሙ እስኪደርቅ ፎቶውን በረንዳው ላይ አሰጣነው።